የስኮቭሞሴው የሸክላ ጓንት

አስታ ሊንግሆልም የቀድሞ ባሏን ስም የሰማችው አውቶቡስ ውስጥ ነው።

የሥነ ሕንፃ ወዳጆች ማኅበር አባላቱን ይዞ ዘመናዊ አብያተ ክርስቲያናትን ለማየት ከቪቦርግ በማለዳ ተነሥቷል። ዝናብ ያካፋል። ከአስታ አጠገብ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ጉንቨር መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የጉዞውን መግለጫ ጮክ ብላ ታነባለች።

«ቀጥሎ ስኮቭሞሴ ነው። ቢጫ ጡብ፣ ዝቅ ያለ ጣራ፣ መስኮት የለውም… ኧረ በስመ አብ! ዛሬ ሌላ የጡብ ግድግዳ ላይ ካፈጠጥኩ እኔም ጡብ ሆኜ ነው የምመለሰው። ‹የመሠዊያው የሸክላ ቅርጽ የሃልፍዳን ክራግ ሥራ ነው› ይላል። ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም» አለች አስታ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ከዚያ በፊት ጉንቨርን ዋሽታት አታውቅም። ስለ እሱ ነግራትም ግን አታውቅም። የተዋወቁት አስታ ወደ ቪቦርግ መጥታ የአባቷን ስም መልሳ ከያዘች በኋላ ነው። ጉንቨር የምታውቀው ጓደኛዋ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆና ሠርታ ጡረታ እንደወጣች፣ አንድ ጊዜ አግብታ እንደፈታች፣ የዚያ ነገር ሲነሣም ወሬ እንደምትቀይር ብቻ ነው። ልጅ እንደነበራት አታውቅም።

ልጅቷ ሲሰል ትባል ነበር። ስምንት ዓመቷ ነበር። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ከአባቷ ጋር በትንሽ ጀልባ ሊምፍዮርድ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ወጣች፤ የክረምቱ ብርድ ገና ከውሃው አልወጣም ነበር። አባቷ ልብሱ እየተንጠባጠበ ብቻውን ተመለሰ። አስታ የጀልባው መውረጃ ላይ ቆማ «እያየሃት ነበር?» ስትለው ሃልፍዳን «አላየኋትም» አላት። «ሞተሩ ጠፍቶብኝ ጎንበስ ብዬ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። ዞር ስል የለችም። ዘልዬ ገባሁ፣ አጣኋት።» ለፖሊሱም፣ ለቄሱም፣ ለዘመድ አዝማዱም ይህንኑ አለ፤ ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ።

በማግስቱ ስትገኝ በግራ እጇ ላይ እናቷ የሠራችላት ሰማያዊ የሱፍ ጓንት ነበር፤ ቀኝ እጇ ባዶ ነበር። አስታ ያንን በጋ ሙሉ የጠፋውን ጓንት ፍለጋ የውሃውን ዳር ስትዞር ከረመች። ሰው መጀመሪያ አዘነላት፣ ቀጥሎ ፈራት፣ በኋላም ተዋት። ባሏን ግን ይቅር ልትለው አልቻለችም። ዳቦ ሲቆርስ ጀርባውን ታያለች፤ ምድጃ ሲያነድ ጀርባውን ታያለች። «ልጅህን፣ ጀርባህን ሰጥተሃት!» ትለዋለች። አይመልስላትም። በመጨረሻ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። ይህ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል።

አውቶቡሱ ቆመ። «እኔ እዚሁ ልቀመጥ» ብትል ማንም አያስገድዳትም ነበር፤ ዝናቡም ጥሩ ምክንያት ይሆናት ነበር። እግሯ ግን ከሌሎቹ ጋር ወረደ።

ከውጭ ሲያዩት ቤተ ክርስቲያን አይመስልም፤ በበርች ዛፎች መካከል የተጋደመ ረጅም ጎተራ ይመስላል። ውስጡ ሌላ ነው። ወለሉ ወደ መሠዊያው ቀስ እያለ ይወርዳል። የጡቡ ሸካራነት ከተቀባው ኖራ ሥር ይታያል። ብርሃኑ ጣራውና የፊት ለፊቱ ግድግዳ ከሚገናኙበት፣ ለዓይን ከተሰወረ ክፍተት ይወርድና ግድግዳውን እያጠበ እስከ ወለሉ ይደርሳል። የገባው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጉንቨር እንኳ ዝም አለች።

የተቀበላቸው የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ፕሬበን ነው፤ ፊቱ የቀላ፣ ቀልድ የሚወድ፣ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም። «ግቡ፣ ግቡ! ጫማችሁን ብቻ ጥረጉ። እዚህ ቤት እግዚአብሔርን እንወደዋለን፤ የምንፈራው ግን ወለል የምትወለውለውን ሴትዮ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አስታ አልሰማችውም። ዓይኗ የመሠዊያው ግድግዳ ላይ ተተክሏል።

ከወለል እስከ ጣራ ግራጫና ነጭ ሸክላ ማዕበል ሆኖ ቆሟል። ከላይ የጀልባ ጠርዝ ይታያል፤ ከጠርዙ አንድ ረጅም ክንድ ሰው ደረት እስኪደርስ ድረስ ወደ ታች ተዘርግቷል። ፊት የለውም፣ አካል የለውም። እጁ የጨበጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፉ ወደ ታች የተንጠለጠለ የልጅ ጓንት። በዚያ ሁሉ ግራጫ ላይ ሰማያዊው እሱ ብቻ ነው። ከሥሩ ውሃ እንጂ ሌላ የለም።

«ይኼ ሲሰቀል ግማሹ ሰበካ ይውረድልን ብሎ ነበር» አለ ፕሬበን። «ባለቤቴ ራሷ ‹ክርስቶስ የሌለበት መሠዊያ! ለጓንት ልንሰግድ ነው?› ብላ አኩርፋ ቤት ውላለች። ሠሪውን ‹ምን ማለት ነው?› ብለን ብንጠይቀው፣ ‹ያለኝን ተናግሬ ጨርሻለሁ› ብሎን ሄደ። እንግዲህ ፍቺውን እኛው ሰጠነው። እጁ የእግዜር ነው። ጓንቱ እኛ ነን፤ ያለ እሱ ባዶ። አውራ ጣቱ ሥር ያለችውን እብጠት ታያላችሁ? እሷ ደግሞ የሰናፍጭ ቅንጣት ናት፣ እምነት ማለት ነው። ሕፃን ስናጠምቅ እጁን ወደ ውስጥ እናስገባለታለን። ልማድ ሆኗል። ጠርዙ የሚያብለጨልጨው ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ የጠፋ ዕቃ የሚሰቀልበት መስሎኝ ነበር» አለች ጉንቨር በሹክሹክታ፣ የአስታን ክንድ በክርኗ ነካ አድርጋ።

ሌሎቹ ቅቤና አይብ ወደተቀባው ዳቦና በፔርሙስ ወደቀረበው ቡና፣ ወደ ጎን አዳራሹ ሲያመሩ እሷ ወደ ፊት ሄደች።

ቀረብ ስትል ገባት። ሸክላው ጓንት መስሎ የተቀረጸ አይደለም። እያንዳንዱ ክር በሌላው ሥር ሲያልፍ ይታያል፤ ይህን ማንም በጣቱ ሊቀርጸው አይችልም። አስታ ከሸክላ ሠሪ ጋር ኖራለች። ሱፉ በቀጭን የሸክላ ጭቃ ይነከራል፣ እቶን ውስጥ ይገባል፤ ሱፉ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ሸክላው የሱፉን መልክ ይዞ ይቀራል። ሃልፍዳን በዳንቴል ቁራጭ ሲያደርገው አይታለች።

እጇን አንሥታ ጣቶቿን ወደ ጓንቱ አፍ አስገባች። ከአውራ ጣቱ ሥር ቋጠሮውን አገኘችው።

ያን ክረምት ክሩ ያለቀባት እዚያ ቦታ ላይ ነበር። ከሌላ የክር ጥቅል ቀጥላ ቋጠረችው፤ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ገባ። ሲሰል ጓንቱን ባጠለቀች ቁጥር «እማዬ፣ አተር ገብቶብኛል» እያለች ታስቃት ነበር።

ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆመች አታውቅም። ከኋላዋ «ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣልዎት?» የሚል ድምፅ ሰማች። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ራግንሂልድ ነበረች፤ ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ሹራብና የዝናብ ቦቲ ያደረገች፣ ገና አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት።

«የሰናፍጭ ቅንጣት አይደለም» አለች አስታ።

«ምን አሉኝ?»

«ቋጠሮ ነው። ክር ያለቀብኝ ቦታ። ይህን ጓንት የሠራሁት እኔ ነኝ። የልጄ ነው። ውሃ ነው የወሰዳት።»

ቄሷ አንዱን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፤ ራሷም አጠገቧ ተቀመጠች። ለማጽናናት አልቸኮለችም። «ሃልፍዳን ባለቤትዎ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ነበር። በሕይወት አለ?»

«አለ። እዚሁ ቅርብ ነው፣ ፊዮርዱ ዳር፣ የድሮው አንጥረኛ ቤት። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ልጅ እንደነበረው ሰምቼ አላውቅም፤ ይመኑኝ። ብሰማ ኖሮ የሕፃናቱን ነገር…»

አስታ አላስጨረሰቻትም። ከግድግዳው ላይ ያለውን ክንድ እያየች ነበር፤ የክንዱ ትርጉም አሁን ነው የገባት። «ይዟታል» አለች። «እዩት። እጇን ይዟታል። ጀርባውን አልሰጣትም ነበር። ዋሽቶኛል!» ብድግ አለች። «ይውሰዱኝ እሱ ጋ።»

በዚህ መሃል ጉንቨር ግማሽ ዳቦ በእጇ እንደያዘች ገባች። «አንቺ! ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ጆሮሽ አይሰማም? ቀጣዩን ጡብ…» የአስታን ፊት ስታይ ቀልዱ አፏ ላይ ቀረ። «ምን ሆንሽ?»

«ሂጂ ጉንቨር። በባቡር እመጣለሁ።»

«የምን ባቡር? ማን ምን አለሽ?»

«ሠሪውን አላውቀውም ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ባሌ ነበር። ስመጣ እነግርሻለሁ።»

ጉንቨር አንዴ ቄሷን አንዴ ግድግዳውን አየች። ከዚያ የራሷን የአንገት ልብስ አውልቃ አስታ አንገት ላይ ጠመጠመችላትና ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ወጣች።

ቄሷ መኪናዋን ከቤቱ ራቅ አድርጋ አቆመች። «እዚሁ ነኝ» አለች።

ሃልፍዳን የእንጨት ጫማውን እያንኳኳ መጥቶ በሩን ከፈተ። ጎብጧል። ጣቶቹ በቁርጥማት ተጣመው አሁን ሸክላ ቀርቶ ጽዋ እንኳ በቅጡ የሚጨብጡ አይመስሉም። አልደነገጠም። ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል «አስታ» አለ ብቻ።

«አየሁት» አለችው።

ከበሩ ዞር አለላት። «ቡና ላፍላ?»

«ቡናህን ተወው። ይዘሃት ነበር?»

ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ። «ይዣት ነበር።»

«ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ያንን ጀርባህን ስጠላ ነው ያረጀሁት! አሁን ንገረኝ። ምንም እንዳትዘል።»

ሃልፍዳን የጠረጴዛውን ጨርቅ እያየ ተናገረ። «ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሞተሩን ሳስነሣ ጀልባዋ ተናጠች፤ ወደቀች። አየኋት። ተወርውሬ ቀኝ እጇን ያዝኩ። አጥብቄ ነው የያዝኩት፣ አስታ። ወደ ላይ ሳብኳት፣ ፊቷ ከውሃው ወጣ። ‹አባዬ› አለችኝ። ከዚያ እጇ እየሾለከ ወጣ። ጓንቱ እኔ ጋ ቀረ። ዘልዬ ገባሁ፤ እሱ እውነት ነው።»

«ታዲያ ይህን ምን አስደበቀህ? ይዣት አመለጠችኝ ያለን ሰው ማን ይፈርድበታል? እኔ እፈርድብህ ነበር?»

የጠረጴዛውን ጨርቅ በተጣመመ ጣቱ ያቃና ጀመር።

«መልስልኝ እንጂ!»

«ሰፊ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«ጓንቱ። ለእጇ ሰፊ ነበር። ‹ለሚመጣው ክረምትም ይሆናታል› ብለሽ…» አልጨረሰውም።

አስታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ ምድጃው፣ የተደረደሩት ሳህኖች፣ የሰውየው ጫማ፣ በድንገት ሩቅ ሄደባት። ልጅ ያድጋል ብላ ሰፋ አድርጋ መጀመሯ፣ ሲሰል እጇን ወደ ላይ አንሥታ ጓንቱን እንደ ደወል እያወዛወዘች መሳቋ፣ ሁሉም መጣባት።

«መውረጃው ላይ ቆመሽ ሳይሽ» አለ ሃልፍዳን ቀስ ብሎ፣ «ይህንንም ማወቅ አለባት ወይ አልኩ። አንድ ሰው ይበቃል አልኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ ጀርባዬ ነው።»

ይህን የሚሰማ ሰው አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አላለቀሰችም። የመጣባት ንዴት ነው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ተናድዳ አታውቅም።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው። «ማን ወስንልኝ አለህ? የእኔም ልጅ ነበረች! የእኔ የሆነውን ሸክም ከእኔ ደብቀህ፣ የማይሆን ጥላቻ አስይዘኸኝ፣ ይህን ሁሉ ዘመን! ያን ጓንት ውሃ ዳር እየዞርኩ ስፈልግ እያየኸኝ አልነበረም?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ኪስህ ውስጥ! ከዚያ አቃጠልከው።»

«ማስቀመጡም አቃተኝ፣ መጣሉም አቃተኝ።»

«ከእኔ ሸሽገህ ለአገር ሕዝብ ግድግዳ ላይ ሰቀልከው። የሚጠመቁ ሕፃናት እጃቸውን ይከቱበታል፣ ታውቃለህ?»

ቀና አለ። «አላውቅም» አለ። «ከተሰቀለ ወዲህ ገብቼ አላውቅም። ሕፃናት?»

«ሕፃናት።»

ሃልፍዳን በተጣመሙ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። አስታ ትንሽ ቆመች። ልትነካው ያሰበችበት ቅጽበት ነበር፤ አለፈ። ወጥታ በሩን ዘጋች።

ቄሷ ባቡር ጣቢያ አደረሰቻት። ልትወርድ ስትል «ጓንቱ ሰፊ ነበር አለኝ» አለች።

ራግንሂልድ ወዲያው ገባት። «እናት ሁሉ ሰፋ አድርጋ ነው የምትሠራው።»

«አውቃለሁ። ማወቁ ምንም አልጠቀመኝም።»

ለጉንቨር በገባችላት ቃል መሠረት ሁሉንም ነገረቻት። ጉንቨር አለቀሰች፤ አስታ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሰው ዓይኗ ደርቆ ጨረሰች። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። እንቅልፍ እምቢ አላት። መንገድ ላይ ልጅ ስታይ ዓይኗ ወደ እጁ ይሄዳል። ሃልፍዳን እውነቱን ያን ቀን ቢነግራት ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር እያሰበች ትነሣለች፣ እያሰበች ትተኛለች። አንዳንዴ ራሷን ታጠፋ እንደነበር ታምናለች፤ አንዳንዴ ደግሞ አብረው አልቅሰው አብረው ይኖሩ እንደነበር። የትኛው እንደሆነ የሚነግራት የለም። ይህን ማወቅንም የነፈጋት ሃልፍዳን ነው።

ለራግንሂልድ ደውላ ሕፃናቱ እጃቸውን እንዳያስገቡ ለመነቻት። ነገሩ ሰበካ ጉባኤው ፊት ቀረበ። ፕሬበን ተቆጣ ተባለ። «ይህን ሁሉ ዓመት የሰናፍጭ ቅንጣት እያልኩ አገር ሲስቅብኝ አንድ የሚያርመኝ ሰው ይጥፋ?» ብሎ ነው የተቆጣው፤ ኀዘኑ በዚያ በኩል ነው የወጣለት። ግድግዳው ፊት ገመድ ተዘረጋ። አስታ ይህን ስትሰማ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ግን ያን ገመድ ባሰበች ቁጥር ልጇን ያሰሩባት ይመስላት ጀመር። መልሳ ደውላ «አንሡት» አለች። አነሡት። ፕሬበን አሁን እንግዳ ሲመጣ ስለ ጡቡና ስለ ብርሃኑ ይናገርና ግድግዳው ጋ ሲደርስ «መንካት ይቻላል» ብሎ ወደ ቡናው ይሄዳል።

በመከር አንድ እሑድ ስልኳ ጠራ። ሃልፍዳን ነበር። ቁጥሯን ከቄሷ ነው ያገኘው።

«ገብቼ አየሁት» አላት።

«እሺ።»

«ዛሬ ምን በላሽ?» አላት። «ድንች» አለችው። ስልኩ ተዘጋ።

በሚቀጥለው እሑድም ደወለ። አንዳንዱን እሑድ አታነሣም፤ ወጥ ቤት ቆማ እስኪያበቃ ድረስ ሲጮህ ትሰማዋለች። ይቅር አላለችውም። ጉንቨር «ታዲያ ለምን ታነሺዋለሽ?» ስትላት «ሲሰልን የሚያውቃት ሌላ ማን አለኝ?» አለቻት።

ሰማዩ በረዶ ሊጥል በጠቆረበት አንድ እሑድ አስታ ጠየቀችው። «ከዚያ በፊት ያለውን ንገረኝ» አለች። «የዚያን ቀን ጠዋት ከቤት ከወጣችሁ በኋላ ያለውን። ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ነፋስ አልነበረም» ብሎ ጀመረ። «እኔ ልንዳ አለች። መሪውን ሰጠኋት። ዘንግ እንደያዘ ወታደር ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ዳቦዋን ገና ከወደቡ ሳንወጣ በላችው፣ ከዚያ የእኔን ጠየቀችኝ…»

አስታ ወንበር ሳትፈልግ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችው። ስለ ዳክዬዎቹ፣ ስለ ዘፈኗ፣ ውሃው ውስጥ ስላየችውና ዓሣ ነው ብላ ስለተከራከረችው እንጨት ነገራት። ወደ ሞተሩ ተቃረበ።

«እዚያ ላይ አቁም» አለችው።

አቆመ።

በሚቀጥለው እሑድ ታሪኩን እንደገና ከዚያ ቀን ጠዋት ጀመሩ።